ዳታቤዙ የትም አልሄደም

ደብረ ማርቆስ ላይ ለወጣት የአይቲ ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላም ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል። የመንገዱን ነገር ስለምናውቀው እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ኤረር ነው፤ ድረ ገጽ የሚሠራበት ቋንቋ፣ ፒኤችፒ፣ እንደ ማይኤስኪውኤል ካለ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ሞጁል፣ ሲጎድለው ስለሚያወጣው። ሰዓቱን ሁሉ ለአንድ ኤረር? አዎ። ኤረሩ ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ሰው ደንግጦ የሚያደርገው ነገር ስለሚብስ ነው።

መልኩ ብዙ ነው። አንዳንዴ «ኩድ ኖት ፋይንድ ድራይቨር» ይላል። አንዳንዴ «አንዲፋይንድ ፈንክሽን» ብሎ «ማይኤስኪውኤልአይ ኮኔክት» የሚለውን ስም ይጠራል። ዎርድፕረስ ከሁሉም ጨዋው ነው፤ ፒኤችፒያችሁ የማይኤስኪውኤል ኤክስቴንሽን ጎድሎታል ብሎ በሥርዓቱ ይነግራችኋል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው።

አንድ የሰማሁትን ላውራችሁ። ኮሌጁን አልጠራም። የምዝገባ ቀን ነው፤ ተማሪ ግቢው ውስጥ ተሰልፏል። ሲስተሙ ሲከፈት ነጭ ገጽና ያቺ ኤረር ብቻ። አለቃው ከአይቲው ልጅ ጀርባ ቆሟል። ሬጅስትራሯም ቆማለች። ልጁ «ዳታቤዙ ጠፋ!» አለ። ባክአፕ ነበረውና አውጥቶ በነበረው ላይ መለሰው። ባክአፑ ግን የቆየ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው ውጤት በሙሉ ተደመሰሰ። ኤረሩስ? ኤረሩማ እዚያው ቁጭ ብሏል። ዳታቤዙ መጀመሪያውኑ ምንም አልሆነማ!

ልጁን አልፈርድበትም። ሰው በላያችሁ ቆሞ ማሰብ ከባድ ነው። ግን ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር ይዛችሁ ብትወጡ ይበቃኛል። ይህን ኤረር ስታዩ ዳታቤዙን አትንኩት። ባክአፕ አትመልሱ፣ ቴብል አታጥፉ፣ ማይኤስኪውኤልን ነቅላችሁ እንደገና አትጫኑ። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚመልስልኝ የትኛው ፒኤችፒ ነው?

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ፒኤችፒ ብቻውን ማይኤስኪውኤልን አያውቅም። ሌላውን ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስንም አያውቅም። የሚያገናኛቸው ስሙ በ«ነጥብ ኤስኦ» የሚያልቅ ትንሽ ፋይል ነው። ፒኤችፒ ሲነሳ ያን ፋይል ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ ነው ከዳታቤዝ ጋር መነጋገር የሚችለው። ፋይሉ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ጫነው ያለው ከሌለ፣ ወሬው እዚያው ያበቃል። ዘጌ ላይ ቡናው ሞልቷል፤ ባህር ዳር ላይ ገዢው ቆሟል፤ ታንኳው ግን አልመጣም። እንዲህ ሲሆን ቡናው ጠፋ አይባልም።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ኤረሩ «አክሰስ ዲናይድ» ብሎ ቁጥር 1045 ካሳያችሁ፣ ኤክስቴንሽኑ አለ። በሩ ድረስ ሄዶ ነው የይለፍ ቃል አልገጥም ያለው። 2002 ብሎ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለም ኤክስቴንሽኑ አለ፤ ማይኤስኪውኤል ራሱ አልተነሳም ወይም አድራሻው ተሳስቷል። 2054 ካላችሁ ደግሞ ኤክስቴንሽኑ አለ ግን አርጅቷል። ማይኤስኪውኤል 8.0 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ዘዴውን ቀይሯል፤ ከ7.4 በታች የሆነ ፒኤችፒ አዲሱን ዘዴ አያውቀውም። እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ሲያደርግ ቢውል ጊዜውን ነው የሚያባክነው። ስለዚህ ኤረሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ግማሹን አንብቦ ወደ ጉግል የሚሮጠው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። የትኛው ፒኤችፒ?

ብዙ ሰው አንድ ሰርቨር ላይ አንድ ፒኤችፒ ብቻ ያለ ይመስለዋል። ተርሚናል ላይ የምትጠሩት አንድ ፒኤችፒ አለ። ድረ ገጹን የሚያገለግለው ሌላ ነው። እሱም አፓቼ የሚባለው ዌብ ሰርቨር ውስጥ የገባ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ኤፍፒኤም የሚባለው ለብቻው የሚሠራ ሰርቪስ። ቨርዥናቸው ሊለያይ ይችላል። ቨርዥናቸው አንድ ቢሆን እንኳ ሴቲንጋቸው ለየብቻ ነው። በኡቡንቱና በደቢያን ሊኑክስ «ኢቲሲ» ውስጥ ያለውን የፒኤችፒ ፎልደር ክፈቱት። ለእያንዳንዱ ቨርዥን አንድ ፎልደር ታገኛላችሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ ደግሞ «ሲኤልአይ» አለ፣ እሱ የተርሚናሉ ነው። «ኤፍፒኤም» ወይም «አፓቼ2» አለ፣ እሱ የድረ ገጹ ነው። ሁሉም የየራሳቸው የሴቲንግ ፋይል አላቸው።

ለዚህ ነው «ኢንስቶል አድርጌያለሁ እኮ! ተርሚናል ላይ ይታያል እኮ!» የሚል ክርክር የማያልቀው። ልክ ነው፣ ይታያል። ተርሚናል ላይ «ፒኤችፒ ዳሽ ኤም» ብላችሁ ስትጽፉ የተጫኑትን ሞጁሎች ይዘረዝራል፤ «ፒዲኦ ማይኤስኪውኤል» የሚባለው የዳታቤዝ ድራይቨር ዝርዝሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ያ ግን የተርሚናሉ ፒኤችፒ ምስክርነት ነው። ተጠቃሚው የሚያየው ሌላውን ነው። (ኮማንዶቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ዳሽ ስል ሰረዟን ነው።)

የድረ ገጹን ፒኤችፒ ለመጠየቅ በድረ ገጹ በኩል መጠየቅ ያስፈልጋል። «ፒኤችፒ ኢንፎ» የሚለውን ፈንክሽን ብቻ የያዘች አንዲት ፋይል ጽፋችሁ ድረ ገጹ ፎልደር ውስጥ አስቀምጧት፤ ከዚያ በብራውዘር ክፈቷት። ሦስት ነገር ተመልከቱ። ከላይ ቨርዥኑን። ቀጥሎ «ሰርቨር ኤፒአይ» የሚለውን፤ አፓቼ ይሁን ኤፍፒኤም እሱ ይነግራችኋል። ከዚያ «ሎድድ ኮንፊግሬሽን ፋይል» የሚለውን፤ የትኛውን ፋይል እንዳነበበ ሙሉ አድራሻውን ያሳያል። የሁለት ቀን ክርክር በዚህ ገጽ በሁለት ደቂቃ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ሁለት ፒኤችፒ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአፕግሬድ ነው። ኡቡንቱ 20.04 ይዞ የሚመጣው ፒኤችፒ 7.4 ነው። 22.04 ላይ 8.1 ሆነ፣ 24.04 ላይ 8.3። ሰርቨሩ ሲያድግ ተርሚናሉ ወደ አዲሱ ይዞራል። ኤንጂንኤክስ የሚባለው ዌብ ሰርቨር ግን የተጻፈለትን ነው የሚያውቀው፤ ፋይሉ ውስጥ የ7.4ን ሶኬት (ከፒኤችፒ ጋር የሚገናኝበትን) አድራሻ ጽፋችሁለት ከነበረ እሱኑ ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ አዳዲስ የፒኤችፒ ቨርዥን የሚያወጣውን የውጭ ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) ይጨምራል፤ ከዚያ አንዱ ሰርቨር ላይ አራት ፒኤችፒ ተደርድሮ ይገኛል። ማን ለማን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም።

ቨርዥኑን ካወቃችሁ መፍትሔው አጭር ነው። በኡቡንቱና በደቢያን ፓኬጁን ከነቁጥሩ ጥሩት። ድረ ገጹ 8.1 ከሆነ «ፒኤችፒ8.1 ዳሽ ማይኤስኪውኤል» በሉ። ቁጥሩን ትታችሁ «ፒኤችፒ ዳሽ ማይኤስኪውኤል» ብቻ ካላችሁ ሲስተሙ ነባሪ ነው ብሎ ለያዘው ቨርዥን ነው የሚጭነው። የውጭ ሪፖዚተሪ ካለ ደግሞ ለአዲሱ ቨርዥን ሊጭነው ይችላል፤ በዚያው ያልጠየቃችሁትን አምስተኛ ፒኤችፒ ይዞላችሁ ይመጣል። ያ አንድ ፓኬጅ ማይኤስኪውኤልአይንም የፒዲኦውን ድራይቨርም አብሮ ይይዛል። ለፖስትግሬስ መጨረሻው «ፒጂኤስኪውኤል» ነው፣ ለኤስኪውላይት «ኤስኪውላይት3»። ሮኪ ወይም አልማ ሊኑክስ ላይ ያላችሁ ደግሞ የማይኤስኪውኤሉን «ፒኤችፒ ዳሽ ማይኤስኪውኤልኤንዲ» በሚለው ስም ፈልጉት።

ከዚያ ሪስታርት። ሪስታርት የሚደረገው ግን ፒኤችፒን ያነሳው ሰርቪስ ነው። በኤፍፒኤም ከሆነ ኤፍፒኤሙን፣ ከነቨርዥኑ። አፓቼ ውስጥ ከሆነ አፓቼን። ኤንጂንኤክስን ሪስታርት አድርጎ «እምቢ አለ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ኤንጂንኤክስ ምን አደረገ? እሱ መልእክት አቀባይ ነው፤ ኤክስቴንሽን አይጭንም።

ፋይሉ ኖሮ ያልበራበትም ጊዜ አለ። ኡቡንቱ ላይ «ፒኤችፒ ኢኤን ሞድ» የሚል ኮማንድ አለ፤ ሞጁሉን ያበራል። የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፦ «ኮንፍ ነጥብ ዲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ሊንክ ይፈጥራል። የሊንኩ ስም በቁጥር ይጀምራል። «ፒዲኦ» እና «ማይኤስኪውኤልኤንዲ» በ10 ይጀምራሉ፤ «ማይኤስኪውኤልአይ» እና «ፒዲኦ ማይኤስኪውኤል» በ20። ቁጥሩ ለጌጥ አይደለም። ሁለተኞቹ የመጀመሪያዎቹን ተደግፈው ነው የሚነሱት፤ ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰ አይነሱም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምታገኙት ምክር «ፒኤችፒ ነጥብ አይኤንአይ ፋይልን ክፈትና ከኤክስቴንሽኑ መስመር ፊት ያለችውን ሴሚኮለን አጥፋ» የሚል ነው። ይህ ዊንዶውስ ላይ ዛምፕ ለሚጠቀም ሰው ይሠራል። ኡቡንቱ ላይ ግን ያ ዋናው ፋይል ከ«ኮንፍ ነጥብ ዲ» በፊት ነው የሚነበበው። ማይኤስኪውኤልአይ የሚደገፍበት ሳይነሳ እሱ ሊነሳ ይሞክራል፤ ከዚያ «አንዲፋይንድ ሲምቦል» የሚል፣ «ማይኤስኪውኤልኤንዲ»ን የሚጠራ አዲስ ኤረር ይመጣላችኋል። አንድ ችግር ነበራችሁ፣ ሁለት ሆነ። ሴሚኮለኗን ተዉአት።

መብራትን ሳላነሳ ጎጃም ውስጥ ስለ ሰርቨር ማውራት አይሆንልኝም። መብራት ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ይደክማል፣ ሰርቨሩ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ሲስተሙ ያቺን ኤረር ይዞ ይነሳል። ሁሉም «መብራቱ አበላሸው» ይላል። መብራቱ ኤክስቴንሽን አይነቅልም። የሆነው ሌላ ነው። ፒኤችፒ ሴቲንጉን የሚያነበው ሲነሳ ነው። ከወራት በፊት አንድ ሰው ገብቶ አንድ መስመር ነክቷል ወይም አንድ ሞጁል አጥፍቷል፤ ሰርቪሱን ግን ሪስታርት አላደረገም። የሚሠራው ፒኤችፒ የድሮውን ይዞ ቀጠለ። ሰርቨሩ ሲጠፋና ሲነሳ አዲሱን አነበበ። ስለዚህ ከመብራት በኋላ የመጣ ኤረር ሲያጋጥማችሁ «ትናንት ምን ሆነ?» አትበሉ። ከመጨረሻው ሪስታርት ወዲህ ማን ምን ነካ በሉ። «ኮንፍ ነጥብ ዲ» ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ቀን ተመልከቱ። «ቫር ሎግ» ውስጥ ያለው፣ ፓኬጅ የሚጭነው የኤፒቲ ሂስትሪ ፋይልም የትኛው ፓኬጅ መቼ እንደገባና እንደወጣ ይነግራችኋል። እኔ እንደ ልማድ የምመክረው ሴቲንግ በነካችሁ ቁጥር እዚያው ሪስታርት እንድታደርጉ ነው። ቢበላሽም እናንተ ባላችሁበት ይበላሽ።

ሁለተኛው የአገራችን ነገር ኢንተርኔቱ ነው። መጽሐፉም ቪዲዮውም «ኤፒቲ ኢንስቶል በል» ብሎ ያልፋል። ኔት ከሌለስ? ከሌለ ፓኬጁን ሌላ ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ነው። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛ ያወርዳል፣ ፍላሹ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ በደጀን በኩል ይወጣል፣ ሰርቨሩ ላይ ይሰካል። ከዚያ አልጭንም ይላል። ለምን መሰላችሁ? የማይኤስኪውኤሉ ፓኬጅ «ፒኤችፒ ኮመን» የሚባለውን በትክክል ያንኑ ቨርዥን ይፈልጋል። 8.1 መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከዚያ በኋላ ያለችው ትንሿ ቁጥር ሳትቀር መግጠም አለባት። ጓደኛችሁ ዛሬ የወጣውን አወረደ፣ የእናንተ ሰርቨር ያለው ያለፈው ዓመት ነው። ስለዚህ ወይ የፒኤችፒ ፓኬጆችን በሙሉ አንድ ላይ አስወርዱ፣ ወይ ትክክለኛውን ቁጥር ከሰርቨሩ ላይ አንብባችሁ ላኩለት። የሚያወርድበት ማሽን ደግሞ ያው የኡቡንቱ ቨርዥን ይሁን።

ከዚህ የሚሻለው ግን ኔት ባለ ቀን መዘጋጀት ነው። «ኤፒቲ»ን «ዳውንሎድ ኦንሊ» ብትሉት ሳይጭን አውርዶ «ቫር ካሽ ኤፒቲ አርካይቭስ» ውስጥ ያስቀምጣል። ሰርቨራችሁ የሚፈልጋቸውን ፓኬጆች ከዚያ ቀድታችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አኑሩ። ከዳታቤዙ ባክአፕ ጎን ይቀመጥ። ባክአፕ ያለው መሥሪያ ቤት አይቻለሁ፤ ፓኬጅ ያስቀመጠ ግን እምብዛም አላየሁም።

አንድ ነገር አደራ። «የጎደለውን ነጥብ ኤስኦ ፋይል ከዚህ አውርድ» ከሚል ከማይታወቅ ቦታ አታውርዱ። አንደኛ አይገጥምም። እያንዳንዱ የፒኤችፒ ቨርዥን የራሱ የሞጁል ቁጥር አለው፤ የ8.1 20210902 ነው፣ የ8.3 20230831። ኤክስቴንሽኖቹ የሚቀመጡበት ፎልደርም በዚህ ቁጥር ነው የሚጠራው። ካልገጠመ ፒኤችፒ አይቀበለውም። ሁለተኛ፣ ከገጠመ ይብሳል። ማን የሠራውን ፋይል ነው ሰርቨራችሁ ውስጥ ያስገባችሁት?

ኢንስቶል ብታደርጉም ብታደርጉም የማይፈታ አንድ ዓይነት አለ። ኤረሩ የሚጠራው ፈንክሽን «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» ከሆነ፣ ማለትም መሐሉ ላይ ያቺ «አይ» ከሌለች፣ ፓኬጅ ፍለጋ አትድከሙ። ያ የድሮው ኤክስቴንሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፒኤችፒ 5.5 ላይ ጊዜው አልፏል ተባለ፤ በ2015 ፒኤችፒ 7.0 ሲወጣ ጭራሽ ተወገደ። እኛ ጋ ይህ በብዛት አለ። ተማሪ ሆኖ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሠራ ልጅ ለመሥሪያ ቤቱ ሰጥቶ ሄደ፤ ሲስተሙ እስካሁን ንብረት ይመዘግባል። ልጁ አሁን የት እንዳለ አይታወቅም። አንዳንዱ መፍትሔ ብሎ ፒኤችፒ 5.6ን ፈልጎ ይጭናል። 5.6 የደህንነት ጥገና ማግኘት ያቆመው በ2018 መጨረሻ ነው። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ሰርቨር ላይ እሱን መጫን አልደግፍም። ኮዱን ወደ ፒዲኦ ቀይሩት። አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም፤ ከእነዚያ ሲስተሞች አብዛኛዎቹ ትንንሽ ናቸው።

ፖስትግሬስ የምትጠቀሙ «እኛንስ?» እንዳትሉኝ። እዚያ ኤክስቴንሽን ሲባል ሌላ ነገር ነው። ፒኤችፒ ውስጥ ሳይሆን ዳታቤዙ ራሱ ውስጥ የሚጨመር ነው። ጤና ዘርፍ ያላችሁ የጤና መረጃ ሲስተሙን ዲኤችአይኤስ2ን ታውቁታላችሁ፤ የሚሠራው በጃቫና በፖስትግሬስ ነው፣ ፖስትጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ኤክስቴንሽንም ይፈልጋል። ባክአፑን አዲስ ሰርቨር ላይ ስትመልሱ «የኤክስቴንሽኑን ኮንትሮል ፋይል መክፈት አልቻልኩም» ካለ፣ ፓኬጁ ሰርቨሩ ላይ የለም ማለት ነው። ፓኬጁም የሚጠራው በፖስትግሬሱ ቨርዥን ነው። ከ14 ወደ 16 ከተሻገራችሁ የ14ቱ ፖስትጂአይኤስ ለ16ቱ አይሠራም፤ የ16ቱን ለብቻው ትጭናላችሁ።

ፓኬጁ ኖሮ «እንዲህ የሚባል ፈንክሽን የለም» ካለ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ዳታቤዝ ውስጥ ገብታችሁ «ክሪኤት ኤክስቴንሽን» ማለት አለባችሁ። አንዱ ዳታቤዝ ውስጥ ስላደረጋችሁት ለጎረቤቱ አይደርስም። ምን ምን እንዳለ ለማየት «ፒጂ አቬይለብል ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ቪው ጠይቁት። ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) ለማመንጨት ብቻ ብላችሁ ኤክስቴንሽን የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከፖስትግሬስ 13 ጀምሮ «ጄን ራንደም ዩዩአይዲ» አብሮ ይመጣል፤ ምንም መጨመር አያስፈልግም።

መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር። አንዷ እህት «ዶከር ውስጥ ገብቼ ኤክስቴንሽኑን እጭነዋለሁ፤ በማግስቱ የለም» አለች። ዶከር ፕሮግራሙን የሚያሠራው ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ኮንቴይነሩ ሲፈርስ ውስጡ ያደረጋችሁት ሁሉ አብሮ ይፈርሳል። ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ኢሜጅ በሚሠራበት የትእዛዝ ፋይል፣ በዶከርፋይሉ ውስጥ ጻፉት። የፒኤችፒ ኦፊሻል ኢሜጅ «ዶከር ፒኤችፒ ኤክስት ኢንስቶል» የሚል ኮማንድ ይዞ ይመጣል፤ ከሥሩ «ፒዲኦ ማይኤስኪውኤል» ብላችሁ ኢሜጁን እንደገና ሥሩት።

ሌላው ወንድም ስለዚያች የፒኤችፒ ኢንፎ ፋይል ጠየቀ። «ለሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ብተዋትስ?» አለ። አትተዋት። የሰርቨርህን ቨርዥን፣ የፎልደሮችህን አድራሻ፣ አንዳንዴም የዳታቤዝ የይለፍ ቃልህን ለመጣ ለሄደው ታሳያለች። አይተህ እንደጨረስክ እዚያው አጥፋት።